የዶሃው የእኩለ ሌሊት ማራቶን፦ በሙቀት ወቅት ለመጀመሪያ ማራቶን ለሚዘጋጅ ሯጭ የጉዳይ ጥናት

መስከረም 16 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የደመራ ዕለት፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው 68 ሴቶች በኳታር ዋና ከተማ በዶሃ የባሕር ዳር ጎዳና ላይ ማራቶን ጀመሩ። የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ነበር። ፀሐይን ለመሸሽ ተብሎ ውድድሩ ወደ እኩለ ሌሊት ቢገፋም፣ በመነሻው ሰዓት ሙቀቱ 32.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የአየሩ እርጥበት 73 በመቶ ገደማ ነበር። ከ68ቱ የመጨረሻውን መስመር ያለፉት 40 ናቸው። 28ቱ አቋረጡ፤ በዊልቸርና በቃሬዛ የተወሰዱም ነበሩ። ኢትዮጵያን የወከሉት ሩቲ አጋ፣ ሮዛ ደረጀና ሹሬ ደምሴ ሦስቱም አልጨረሱም።

ያሸነፈችው ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች ናት፤ ሰዓቷ 2:32:43። ይህችው ሯጭ በዚያው የፈረንጆች ዓመት ጥር ላይ ዱባይ ውስጥ 2:17:08 ሮጣ ነበር። ልዩነቱ 15 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ነው። ዱባይ ላይ ኪሎ ሜትሩን በ3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ የጨረሰች ሯጭ ዶሃ ላይ 3 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ፈጅቶባታል፣ ያም ሆኖ ወርቁ የእሷ ሆነ። የመጀመሪያ ማራቶኑን በሙቀት ወቅት የሚለማመድ ሰው ከዚህ ጉዳይ አንድ ነገር ብቻ ይዞ ቢሄድ ይህን ቁጥር ይያዝ፦ የዓለም ሻምፒዮኗ 11 በመቶ ዝግ ብላለች።

ጨለማው ለምን አላዳናቸውም

ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ሲሮጥ በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ ልክ አንድ ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሯጭ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ቢሮጥ 600 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። ከዚህ ወደ እንቅስቃሴ የሚለወጠው ሩብ ያህሉ ነው፤ የቀረው 450 ኪሎ ካሎሪ ሙቀት ሆኖ ሰውነት ውስጥ ይወለዳል። የዚህን ሰው የሰውነት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ለማሳደግ ደግሞ 50 ኪሎ ካሎሪ ይበቃል። ሙቀቱ ጨርሶ መውጫ ቢያጣ በየ7 ደቂቃው አንድ ዲግሪ ይጨምርና ገና በ20ኛው ደቂቃ 40 ዲግሪ ላይ ይደረስ ነበር።

መውጫው ላብ ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይዞ ይሄዳል። ዋናው ነገር መትነኑ ነው። ከአገጭና ከክርን ጠብ ጠብ የሚለው ላብ ውኃና ጨው ይወስዳል እንጂ የሚያቀዘቅዘው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ወበቅ ባለበት ቦታ አየሩ አስቀድሞ ውኃ ጠግቧልና ላቡ መሄጃ የለውም፤ ሯጩ ረጥቦ እየታየ ውስጡ ይግላል።

የሩጫ ሐኪሞች ሙቀትን በተራ ቴርሞሜትር ብቻ የማይለኩት ለዚህ ነው። የሚጠቀሙበት መለኪያ ሦስት ንባቦችን ያዳምራል፦ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ቴርሞሜትር 70 በመቶ፣ በጥቁር ሉል ውስጥ ያለ ቴርሞሜትር 20 በመቶ፣ ተራው ቴርሞሜትር 10 በመቶ። ጥቁሩ ሉል የሚለካው የፀሐይን ጨረር ነው፤ እርጥቡ ጨርቅ የሚለካው ላብ የመትነን ዕድሉን። ዶሃ ላይ ውድድሩን ወደ ሌሊት መግፋት የቀነሰው የሉሉን ድርሻ ነው፤ 70 በመቶ የሚይዘው እርጥቡ ክፍል እዚያው ቆየ። በሴቶቹ ሌሊት ድምሩ ወደ 30 የሚጠጋ ነበር። ለጀማሪ ሯጭ ከ28 በላይ ከሆነ ረጅም ሩጫውን ማሳጠር ወይም ወደ ሌላ ቀን መግፋት ተገቢ ነው። መለኪያው የሌለው ሰው የሙቀቱንና የእርጥበቱን ትንበያ አንድ ላይ ይይ፤ 26 ዲግሪ ከ85 በመቶ እርጥበት ጋር፣ ከደረቅ 31 ዲግሪ ሊብስ ይችላል።

የልምምድ ሰዓት ምርጫም ከዚሁ ይመነጫል። ጎህ ሲቀድ አየሩ ከሁሉም ሰዓት ይቀዘቅዛል፣ በአንጻሩ የእርጥበቱ መቶኛ ከፍ ይላል። አየሩ ደረቅ በሆነ ቦታ የማለዳ ሩጫ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ወበቅ ባለበት ጥቅሙ ያንሳል፣ ቢሆንም ፀሐይ አለመኖሯ አሁንም ይረዳል። ምሽት ላይ ቀኑን ሙሉ የጋለው አስፋልት ሙቀቱን ይመልሳል። ስለዚህ ኢንተርቫሉን (በእረፍት እየተቆራረጠ የሚሮጠውን ፈጣን ልምምድ) እና ረጅሙን ሩጫ ለማለዳ፣ ለመላመድ የሚደረገውን ሶምሶማ ለአመሻሹ መስጠት ያስኬዳል።

የካለም ሆኪንስ ሁለት ውድድሮች

የወንዶቹ ማራቶን ከስምንት ቀን በኋላ በዚያው ሰዓትና በዚያው ጎዳና ተካሄደ። ሌሊቱ ቀለል ያለ ነበር፤ ሙቀቱ ከ30 በታች፣ እርጥበቱም በግልጽ ያነሰ። ሌሊሳ ዴሲሳ በ2:10:40 አሸነፈ፣ ሞስነት ገረመው በ2:10:44 ሁለተኛ፣ ኬንያዊው አሞስ ኪፕሩቶ በ2:10:51 ሦስተኛ ሆኑ። አራተኛው ስኮትላንዳዊው ካለም ሆኪንስ ነው፣ 2:10:57።

የሆኪንስ ነገር ቆም ተብሎ ሊታይ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአውስትራሊያ ጎልድ ኮስት በተካሄደው የኮመንዌልዝ ጨዋታ ማራቶኑን በሁለት ደቂቃ ገደማ ልዩነት እየመራ ሳለ፣ ሊጨርስ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው በሙቀቱ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ተነሣ፣ ጥቂት ሮጠ፣ እንደገና ወደቀ። ለዶሃ ሲዘጋጅ ግን ማሞቂያ በተደረገበት የጓሮ ክፍል ውስጥ በመሮጫ ማሽን ላይ እየሮጠ ሰውነቱን ለሙቀት አለማመደ። በዚያው ዓመት ለንደን ላይ የሮጠው ምርጥ ሰዓቱ 2:08:14 ነበርና ዶሃ ላይ ያጣው 2 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ብቻ ነው፣ 2 በመቶ ግድም። የወንዶቹ ሌሊት ቀለል ማለቱ እዚህ ውስጥ ድርሻ አለው፤ ግን ሙቀት ጥሎት የነበረ ሰው ወደ መጨረሻው ተጠግቶ መሪዎቹን ሊደርስባቸው መቻሉ፣ ሙቀት እንደ ዳገትና እንደ ርቀት ሁሉ ራሱን ችሎ የሚሠለጠንበት ነገር መሆኑን ያሳያል።

መላመድ ሲባል በሰውነት ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ቀናት የደሙ ፈሳሽ ክፍል ይጨምራል፤ በዚህ የተነሳ ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም ትረጫለች፣ የልብ ምት በዚያው ፍጥነት ይወርዳል። ከዚያ ቀጥሎ ላብ ቀድሞ ይመጣል፣ መጠኑ ይበዛል፣ ጨውነቱ ይቀንሳል። ሙሉው ለውጥ ከ10 እስከ 14 ቀን ይወስዳል፣ በየቀኑ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ሰውነት እየሞቀና እያላበው ከቆየ። ጀማሪ ግን በቀጥታ 90 ደቂቃ አይገባም፦ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት 30 ደቂቃ ሶምሶማ፣ ቀጣዮቹን ሦስት 45፣ ከዚያ 60፤ ከሰባተኛው ቀን በኋላ ከ60 እስከ 75 ይበቃል። በየቀኑ መውጣት ካልተቻለ በሳምንት አራት ጊዜ አድርጎ ወደ ሦስት ሳምንት ማርዘም ይቻላል።

በነዚህ ቀናት የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ነው፦ ሯጩ በቀዝቃዛው ወር የሮጠበትን ፔስ (አንዱን ኪሎ ሜትር የሚጨርስበትን ደቂቃ) ይዞ ለመቆየት ይታገላል። ለምሳሌ ኪሎ ሜትሩን በ6:30 ሲሮጥ የልብ ምቱ 140 የነበረ ሰው በሙቀት በዚያው ፔስ 155 ቢያይ፣ የሚያስተካክለው ልቡን ነው፤ ምቱ ወደ 140 እስኪመለስ ዝግ ይላል፣ 7:10 ይሁን 7:30 አይጨነቅበትም። የልብ ምት መለኪያ ከሌለው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር መቻሉን ይፈትሽ። ልብ የምትቸኩለው ስንፍና ይዟት አይደለም፤ ደሙ ለጡንቻም ለቆዳም መከፈል ስላለበትና ላብ የደሙን ፈሳሽ ስለሚቀንሰው ነው። ይህን ጭነት እንደ ድክመት ቆጥረው ፔሱን በግድ የሚያስጠብቁ ሰዎች በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ እንቅልፋቸው ይዛባል፣ የጠዋት የልብ ምታቸው ይጨምራል፣ ከዚያ ጉዳት ይከተላል።

ሙቀት ያለበት አካባቢ መሮጥ ያልቻለ፣ ለምሳሌ በአየር ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚሠራና የሚሮጥ ሰው፣ ከሶምሶማ በኋላ ወዲያው 40 ዲግሪ በሆነ የገንዳ ውኃ ውስጥ እስከ አንገቱ ገብቶ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ መቆየት ይችላል፤ ስድስት ተከታታይ ቀን ይህን ማድረግ ጥሩ ለውጥ ያመጣል። ሲነሣ ራስ ያዞራልና ብቻውን አይሁን። መላመዱ ከሙቀት ሲርቁ ከሳምንት ሳምንት እየሟሸሸ ስለሚሄድ ዋናው ክፍል ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቢጀመር ይመረጣል፣ ከዚያም በየሦስትና በየአራት ቀኑ አንድ ጊዜ በሙቀት መሮጥ ያቆየዋል።

ረጅሙ ሩጫ

የዶሃው ውድድር የተሮጠው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ዙር ላይ ስድስት ጊዜ በመመላለስ ነው። አሠራሩ ለልምምድም ይበጃል። በሙቀት 15 ኪሎ ሜትር ርቆ ሄዶ መመለስ ለጀማሪ አደገኛ ነው፤ አቅም ሲከዳ ቤቱ ሩቅ ነው። ከ3 እስከ 4 ኪሎ ሜትር የሆነ ጥላ ያለበት ዙር ይመረጥና መነሻው ላይ በረዶ፣ ውኃ፣ ጨዋማ መጠጥና ፎጣ ይቀመጥ።

ርዝመቱን በሰዓት መቁጠር ይሻላል። ከ16 እስከ 18 ሳምንት በሚወስድ ዝግጅት ረጅሙ ሩጫ ከ75 ደቂቃ ተነስቶ በየሳምንቱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እየጨመረ፣ በየአራተኛው ሳምንት እየቀነሰ፣ እስከ 3 ሰዓት ይደርሳል። የመጨረሻው የሦስት ሰዓት ሩጫ ከውድድሩ ሦስት ሳምንት በፊት ነው። በሙቀት የ3 ሰዓት ሩጫ 32 ኪሎ ሜትር መሆኑ ቀርቶ 25 ቢሆንም ሥራው ተሠርቷል።

ልብሱ ሰፋ ያለ፣ ነጣ ያለ፣ ላብ የማይቋጥር ይሁን፤ ጥጥ ረጥቦ ይከብዳል፣ ብብትንና ጭንን ይልጣል። የሚፋተጉ ቦታዎችን ቫዝሊን ይቀቡ። እግር በሙቀት ስለሚያብጥ ጫማው ከአውራ ጣት ፊት የአንድ ጣት ስፋት ይኑረው።

ላብን መመዘን

ይህ ከአንድ ሰዓት ሩጫ ጋር አብሮ የሚሠራ፣ ግን አብዛኛው ሯጭ የሚዘለው ሥራ ነው። ከሩጫ በፊት ሽንት ሸንቶ፣ ያለ ልብስ መመዘን። ውድድሩ ሊኖረው በሚችለው ሙቀት አንድ ሰዓት መሮጥ፣ የጠጡትን መጠን መያዝ። ሲመለሱ ላብን አድርቆ እንደገና ያለ ልብስ መመዘን። ለምሳሌ ከ62.4 ወደ 61.1 ኪሎ ወርዶ በመካከል 0.4 ሊትር ከጠጣ፣ ያላበው 1.3 ሲደመር 0.4፣ ማለትም በሰዓት 1.7 ሊትር ነው።

ቀጥሎ ያለው ስሌት ብዙዎችን ያስደነግጣል። እየሮጠ ያለ ሆድ በሰዓት 0.8 ሊትር ገደማ ይቀበላል፤ ከዚያ በላይ ውኃው ሆድ ውስጥ ይንቦጫረቃል፣ ያቅለሸልሻል። በሰዓት 1.7 የሚያልበው ሰው 0.8 ቢጠጣ በየሰዓቱ 0.9 ኪሎ ይጎድላል፤ በ4 ሰዓት ተኩል 4 ኪሎ፣ የክብደቱ 6 በመቶ። ከ2 እስከ 3 በመቶ መጉደል የሚቻል ነው፣ 6 ግን አይቻልም። በመጠጣት የማይሞላ ጉድለት የሚሞላው ዝግ በማለት ነው፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ የሚወለደው ሙቀት ይቀንሳል፣ ላቡም ይቀንሳል።

የተገላቢጦሹ ስህተትም አለ። ዝግ ብሎ የሚሮጥ፣ ትንሽ የሚያልበው ሰው በየጣቢያው ሁለት ሁለት ብርጭቆ ንጹህ ውኃ ከጠጣ የደሙ ሶዲየም ይወርዳል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ የጣቶች ማበጥ፣ ግራ መጋባት ነው፤ ሲብስ ይገድላል። ከሩጫ በኋላ ክብደቱ የጨመረ ሰው ከመጠን በላይ ጠጥቷል፣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። መጠጡን በቤት ለማዘጋጀት ለአንድ ሊትር ውኃ 60 ግራም ስኳርና 1.5 ግራም ጨው (የሻይ ማንኪያ ሩብ ያህል) በቂ ነው፤ 600 ሚሊ ግራም የሚጠጋ ሶዲየም ይኖረዋል። ስኳሩ ከ80 ግራም ካለፈ ሆድ ቶሎ አያሳልፈውም። ጄል (በትንሽ ከረጢት የሚመጣ ወፍራም ጣፋጭ ምግብ) የሚወስድ በተራ ውኃ ያወራርደው፣ በጣፋጭ መጠጥ ላይ አይደርበው። በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል፤ በሙቀት ደም ከሆድ ወደ ቆዳ ስለሚሸሽ ይህን መጠን ሆድ እንዲለምደው ቢያንስ በስድስት ረጅም ሩጫዎች መሞከር ግድ ነው።

ከመነሻው በፊት መቀዝቀዝ

በዚያ ሻምፒዮና በማራቶንና በእርምጃ ተወዳዳሪዎች ላይ ጥናት ተካሂዶ ነበር። ከአምስቱ አራቱ የማቀዝቀዣ ዕቅድ ይዘው መጥተዋል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የበረዶ ሰደርያ መርጠዋል። በተለኩት ላይ የውስጥ ሰውነት ሙቀት በአማካይ በ37.7 ጀምሮ 39.6 ደርሷል። ከታች የጀመረ ሰው ለመሞቅ የበለጠ ቦታ አለው፣ ሐሳቡ ይህ ነው።

ጀማሪ ሰደርያውን መግዛት አያስፈልገውም። ከመነሻው 30 ደቂቃ ሲቀረው በኪሎ ክብደት 7.5 ግራም የተፈጨ በረዶ ያለበት መጠጥ፣ ለ60 ኪሎ ሰው 450 ግራም፣ ቀስ እያሉ መጠጣት፤ እርጥብና ቀዝቃዛ ፎጣ ማንገት፤ በጥላ መቆም፤ ማሟሟቂያውን ወደ 5 ደቂቃ ማሳጠር። በሩጫ ላይ በረዶ በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ አንገት ላይ ማሰር ወይም ኮፍያ ሥር ማድረግ ይረዳል። ውኃ በራስ ላይ ማፍሰስ ደረቅ አየር ባለበት እጅግ ጠቃሚ ነው። ወበቅ ባለበት ግን ለብ ያለ ውኃ ካለው ላብ ጋር ተደባልቆ ይፈሳል እንጂ አይተንም፣ ጫማውንም ያረጥባል፤ እዚያ የሚሠራው በረዶ ነው፤ አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ ብቻ 80 ኪሎ ካሎሪ ይወስዳል። የበረዶ መጠጡም በመጀመሪያ ጊዜ በውድድር ቀን አይሞከር፣ ግንባርን በሕመም የሚያስይዛቸውና ሆዳቸውን የሚቆርጣቸው አሉ።

ሲወድቅ

ሐኪሞች ሂት ስትሮክ የሚሉት የውስጥ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ሆኖ አእምሮ ሲታወክ ነው፦ መንገዳገድ፣ ያለቦታው መቆጣት፣ የት እንዳሉ አለማወቅ፣ ራስን መሳት። ላቡ እየወረደ ሊሆን ይችላል፤ «ቆዳው ካልደረቀ ሂት ስትሮክ አይደለም» የሚለው አነጋገር የሰው ሕይወት ይቀጥፋል። በብብት የሚለካ ቴርሞሜትርም ዝቅ አድርጎ ያሳስታል። ሥርዓቱ መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ቀጥሎ ማጓጓዝ ነው። አምቡላንስ እየተጠራ፣ በረዶ ባለበት የውኃ ገንዳ ውስጥ ራሱን ደግፎ እስከ አንገቱ መንከር፣ ውኃውን እያማሰሉ። በደቂቃ 0.2 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ገንዳ ከሌለ በበረዶ ውኃ የተነከሩ ፎጣዎችን መላ ሰውነቱ ላይ በየሁለት ደቂቃው መለዋወጥ። ከወደቀ በ30 ደቂቃ ውስጥ ከ39 ዝቅ ካለ የመዳን ዕድሉ በጣም ከፍተኛ ነው። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም።

ትኩሳት ወይም ተቅማጥ የነበረበት ሰው፣ ሌሊቱን ያልተኛ፣ የአለርጂ ወይም ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስድ በዚያ ሳምንት በሙቀት ረጅም ሩጫ አይውጣ። አይቡፕሮፌን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ውጦ በሙቀት መሮጥ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ከሩጫ በኋላ ሽንቱ የጠቆረ ቡና መስሎ ከታየ የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት ነው።

የውድድሩ ፔስ

በዶሃ በወንዶቹ ውድድር ፓራጓያዊው ደርሊስ አያላ ገና ከመነሻው ብቻውን ተነጥሎ ወጣ፤ ውድድሩን አልጨረሰም። በሴቶቹ ደግሞ ሦስተኛ የወጣችው ናሚቢያዊት ሄላሊያ ዮሐንስ የ39 ዓመት ሴት ናት፤ አራተኛዋ ኤድና ኪፕላጋትም 39 ዓመቷ ነበር። ስድስተኛዋ አሜሪካዊት ሮበርታ ግሮነር 41 ዓመቷ፣ ሙሉ ሰዓት በነርስነት የምትሠራ ነበረች። በምርጥ ሰዓት ከነሱ የሚፈጥኑ ብዙ ሴቶች በዚያ ሌሊት አቋርጠዋል። ዕድሜ በራሱ ሙቀትን አያስችልም፤ በረጅም ዓመታት የሚገኘው ዝግ ብሎ የመጀመር ትዕግሥት ግን ያስችላል ብለን እናምናለን።

በቀዝቃዛ አየር በ4 ሰዓት ተኩል ለመጨረስ የተዘጋጀ ሰው ፔሱ 6:24 ነው። በዶሃው 11.4 በመቶ ሲሰላ 7:08 ይሆናል፣ ጠቅላላው 5 ሰዓት ከ1 ደቂቃ። እሱ በሙቀቱ ውስጥ የሚቆየው ከቼፕንጌቲች እጥፍ ለሚጠጋ ጊዜ ነውና የመጀመሪያዎቹን 10 ኪሎ ሜትሮች በ7:15 ይሂድ። በየመጠጥ ጣቢያው 30 ሰከንድ እየተራመደ ይጠጣ፣ በረዶውን ይቀይር። 21ኛው ኪሎ ሜትር ላይ አሁንም ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻለ፣ ቆዳውን ውርር ካላደረገው፣ ካላቅለሸለሸው ወደ 7:05 ይጨምር። መናገር ካቃተው ወይም ከነዚህ ምልክቶች አንዱ ከታየበት 10 ደቂቃ ተራምዶ እንደገና ይፈትሽ፤ ብርድ ብርድ ካለው ወይም እግሩ መስመር ከሳተ እዚያው ያቁም።